ያልሞቀው ክምር

ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አባዬ "አንቺ እኮ በሰባት ወርሽ የወጣሽው ቸኩለሽ ነው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አባዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ በርሜል እርሾ ሲያሳድግ ኖሯል። እርሾ እንበለው እንጂ የሚጋገር ነገር አይደለም፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ሞላሰስና ፉርሽካ እየበሉ ይራባሉ። የበቆሎ አገዳና እበት ላይ ሲደፉ ክምሩን አግለው በሁለት ወር ጥቁር አፈር ያደርጉታል። "ልጆቼ" ነው የሚላቸው። እኔና ወንድሜ የእንጀራ ልጆች መሆናችን ነው።

አምና ስትሮክ መታውና ግራ እጁ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሥራው ወደ እኔ ዞረ። ወንድሜም ቁርጡን ነገረን፤ "ማሳው ደክሟል። ዝናብ ሳይገባ ብስባሹ ካልደረሰ ለጡብ ሠሪ እሰጠዋለሁ፤ አፈሩን ቆፍሮ ይውሰደው።" አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እርሾው ከመደፋቱ በፊት በውሃ ይበዛል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ተሕዋስያኑን የሚገድለው ክሎሪን እንዲወጣለት በክፍት ባልዲ ማደር አለበት። አንድ ጆግ ለዘር ሳይቀመጥም በርሜሉ አይነካም። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ቸኮልኩ፤ የውሃውን ጎማ ከቧንቧው በቀጥታ በርሜሉ ውስጥ ለቀቅኩት። በዚያ ሰሞን መስመሩ ተሰብሮ ተጠግኖ ስለነበር ክሎሪን አብዝተውበታል፤ ውሃው በረኪና በረኪና ይላል። ሸቶኛልም እኮ! ለዘርም አላስቀረሁም፤ ሙልጭ አድርጌ ክምሩ ላይ ደፋሁት።

ክምሩ በሦስት ቀን መሞቅ ነበረበት። በአምስተኛውም ቀን ቀዝቃዛ፣ በሰባተኛውም ቀዝቃዛ። እጄን ይቁረጠው! አንዳቸውንም ሳላስተርፍ ጨረስኳቸው።

"ሞቀ?" ይለኛል አባዬ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ላይ።

"ሞቋል አባዬ።"

"ደህና አድርጎ?"

"እጅ ያቃጥላል ስልህ!"

ለአንድ ቀን ብቻ ልዋሽ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።

በአሥረኛው ቀን "ውሰዱኝ፣ ልየው" አለ። ወንድሜ ደግፎ አወጣው። ላስቀረው ብል ምክንያት ጠፋኝ፤ ከኋላቸው ተከተልኩ። አባዬ ክምሩ ሥር ተንበርክኮ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። አውጥቶ ሌላ ቦታ ከተተው። ወንድሜ እበት ስለሚጸየፍ ራቅ ብሎ ቆሟል።

"ሞቋል ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ አባዬ።

ወንድሜ አየኝ።

"አዎ… ሞቋል አባዬ።"

እጁን አወጣ። ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጨበጠ፣ አገላብጦ አያቸው። እኔን መጠርጠር ሲገባው እጁን ጠረጠረ።

"እንግዲህ ይቺም ሄደች" አለ ቀስ ብሎ።

"አባዬ…"

"ተይኝ ልጄ። ምንም አይሰማኝም።"

"ያንተ እጅ ደህና ነው፣ ክምሩ ነው የሞተው፣ የገደልኩትም እኔ ነኝ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሜን ሳየው ማሳው ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለኝም።

ምሳ አቀረብኩለት። ማንኪያውን በቀኝ እጁ አስያዝኩት። መልሶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረው። ከዚያ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ እኔም አጎረስኩት።