ዝም ያለው ኪቦርድ

ፋና አንዱን ቁልፍ ተጫነችው፤ ዝም። ሌላውን ተጫነች፤ ዝም። በሁለት እጇ ያገኘችውን ሁሉ ደፈጠጠችው። ኪቦርዱ መብራቱን ያበራል፣ በትንሿ መስኮቱ ላይ ቁጥሩን ያሳያል፤ ድምፅ የሚባል ነገር ግን አልወጣው አለ።

"ኧረ ዛሬስ አታዋርደኝ!" አለችው እንደ ሰው።

ዕለቱ ዳግማ ትንሣኤ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ሰርግ የናፈቀው የመካነ ሰላም ሰው ልጆቹን የሚድረው ከዚህ እሑድ ጀምሮ ነው። ከዕለቱ ሙሽሮች አንዷ የአቶ ቸኮል ልጅ ሙሉሐረግ ስትሆን፣ በእሷ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የምትጫወተው ደግሞ ፋና ነበረች። ከዚያ በፊት ሰርግ ላይ ተጫውታ አታውቅም። አባቷ መሪጌታ ወልደሩፋኤል የፈቀዱላት ከስንት ልመናና ከስንት ሽማግሌ በኋላ ነው። "ይችን አንድ ሰርግ ሞክሪ" አሏት። "ካማረልሽ እሰየው። ካላማረልሽ ኦርጋኑን ትሸጪና አጅባር ከተማ ሄደሽ ያንን የአስተማሪነት ሥራ ትይዣለሽ።" መሪጌታ ደግሞ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው።

ፋና የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። የድምፅ መጨመሪያውን እስከ ጥጉ አዞረችው። ሶኬቱ ይሆናል ብላ የእናቷን የስልክ ቻርጀር ነቅላ በዚያ ሰካችው። ባትሪ አስገብታ አየች። በእግር የሚረገጠውን ፔዳል ነቀለችው። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ዘፈን እንዲጫወት አዘዘችው፤ ትንንሾቹ መብራቶች በምቱ ልክ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዘፈኑን የሚሰማው ግን ራሱ ኪቦርዱ ብቻ ነበር።

የቅበላ ዕለት ደኅና ነበር እኮ! በቦርሳው ከትታ፣ በገመድ ጠፍራ ቁም ሳጥኑ ላይ የሰቀለችው ራሷ ናት። የመሪጌታ ቤት ነውና ከሁዳዴ እስከ ዳግማ ትንሣኤ እንኳን መጫወት፣ አቧራውን ማራገፍም ያስነቅፋል። ዛሬ ጠዋት ስታወርደው አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሏት ነበር፤ የገመዱ ቋጠሮ የእሷ አልመስል አላት። እሷ እንዲያ አጥብቃ አታስርም። ግን በሰርግ ቀን ስለ ቋጠሮ ማን ይጨነቃል?

የሰርጉ ዘፋኝ አሳምነው ባጃጁን ውጭ አቁሞ ገባና ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

"ፋንዬ፣ እኔም የሰው ቃል አለብኝ" አለ። "እስከ ቀትር እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ በአንቺ ቦታ የወረኢሉውን ልጅ እጠራለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

"አልቀየምህም" አለችና ወደ ኪቦርዱ ተመለሰች።

አሳምነው ሲወጣ መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው ገቡ። ልጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ አገኟት።

"ምን ሆንሽ?"

"ድምፅ አጣ፣ አባባ።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

መሪጌታ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። ፋና "እንግዲህ ፈቃዱ ካልሆነ ምን ይደረጋል" የሚለውን ነገራቸውን እየጠበቀች ነበር። እሳቸው ግን ኪቦርዱን ወደ ቦርሳው መለሱና ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

"ሙሐሲን ጋ እንውሰደው። ተነሽ።"

"እኔ ልያዘው እንጂ፣ አባባ! ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል።"

ሰውም አላሳፈራቸውም። ጥምጣማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ ኦርጋን ተሸክመው በዋናው መንገድ ሲያልፉ፣ ከሰርግ ቤት ወንበር ተሸክመው የሚሄዱ ጎረምሶች ሸክማቸውን አውርደው ቆመው አዩአቸው። አንዲት መስቀል ልትሳለም የመጣች ሴትዮ የምትስመው መስቀሉን ይሁን ቦርሳውን ግራ ገባት። ፋና ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ታስባለች። የኪቦርዱን መሞት በዓይናቸው ሊያረጋግጡ ነው የመጡት፤ ከዚያ አጅባር።

የሙሐሲን ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከሬዲዮ እስከ ዲሽ፣ ሰው ተስፋ የቆረጠበት ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው።

"ያ ረቢ! የኔታ ኦርጋን ተሸክመው!" አለ ሙሐሲን ከወንበሩ ተነሥቶ። "እንኳን አደረሰዎ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ይችን እያት እስቲ፤ ልጂቱ ጨንቋታል።"

"አብሽሪ፣ እናየዋለን" አላት ለፋና። ሰካው፤ ነካካው፤ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ቆይቶ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"የድምፁ ክፍል ሳይቃጠል አልቀረም። እሱ ከሆነ ዕቃው እዚህ አይገኝም፤ ደሴ መላክ አለበት።"

ደሴ ማለት ሳምንት ነው፣ ሁለት ሳምንት ነው፤ ሰርጉ ደግሞ ዛሬ ነው። ቢሆንም ፋና ቦርሳዋን በርብራ ከሰርጉ ቤት ትልቅ ስፒከር ጋር የምታገናኝበትን ገመድ አወጣች።

"በዚህስ ብንሞክረው? ምናልባት በውጭ ስፒከር ይሠራ ይሆናል።"

ሙሐሲን ገመዱን ተቀብሎ ከኪቦርዱ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ሊሰካው ሞከረ። አልገባ አለው። ገፋ አደረገው፤ አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

"ምን ከለከለህ አንተ?" አለና የስልኩን መብራት አበራ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳው አጮለቀ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ፊቱ በራ።

"ወላሂ ምንም አልሆነም! አልተቃጠለም! የጆሮ ማዳመጫ ጫፍ ተሰብሮ ውስጡ ቀርቷል። ኪቦርዱ ማዳመጫ የተሰካበት እየመሰለው ስፒከሩን ዘግቶታል፤ በቃ፣ ይኸው ነው።"

"የጆሮ ማዳመጫ?" አለች ፋና። "እንዴት ተደርጎ? እኔ ማዳመጫዬን ከቅበላ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።"

ሙሐሲን አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኑ መሪጌታ ላይ አረፈ። አፉን ገጠመና ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ያልጠፋበትን ዕቃ መፈለግ ጀመረ።

"ማን ነው የነካብኝ?" ፋና ተናደደች። "እማዬ እንደሆነች ማብሪያውንም አታውቀው። ታዲያ ማን ነው በሁዳዴ..."

"እኔ ነኝ" አሉ መሪጌታ።

ፋና የሰማችውን አላመነችም። መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ሳይናጋ።

"አንቺ ገበያ፣ እናትሽ ማኅበር ስትሄዱ አወርደው ነበር። ሁለት ዓመት ስትለምኝኝ የምትለምኝኝን ነገር ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ምን ይዟት ነው የሚሄደው፣ እስቲ ልስማው አልኩ። ድምፁ ለጎረቤት እንዳይሰማ ያንን ማዳመጫሽን አደረግሁ።"

"አባባ! በጾሙ ዘፈን?"

"ዘፈን ማን አወጣው! ጾመ ድጓውን ነው የፈለግሁበት።" አሁን ድምፃቸው ትምህርት ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ሆነ። "የአራራዩን ዜማ ልይዘው ምንም አልቀረኝም ነበር። በዚህ ቁልፍና በዚያኛው መሀል ያለችው ድምፅ ግን የለችውም። እሷን ስፈልግ ሁዳዴ አለቀ። አንድ ቀን እናትሽ በሩን ስትከፍተው ደንግጬ ማዳመጫውን ስስብ ቀጭ አለ። ጫፉ ወለሉ ላይ የወደቀ ነው የመሰለኝ።"

ሙሐሲን ከጠረጴዛው ሥር ቀና አለ። በእጁ የፋናን ማዳመጫ ይዟል፤ አዲስ ጫፍ ተበይዶለታል።

"እንግዲህ የኔታ ራሳቸው ከተናገሩ... ባለፈው ሳምንት አምጥተውልኝ ነበር። ለሰው እንዳትናገር ስላሉኝ ነው።"

ፋና ሳቋ መጣ። አፏን በነጠላዋ ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነም። ሙሐሲንም ተከተላት። መሪጌታ ሊቆጡ ጀምረው፣ ቁጣው መሀል ላይ ጠፋባቸውና እሳቸውም ሳቁ።

ጫፉ ግን ገና አልወጣም። ሙሐሲን የስቴኪኒ ጫፍ ላይ ሱፐር ግሉ ነካ አደረገ።

"ሙጫው የቀዳዳውን ግድግዳ ከነካ አበቃልን። ማንም እንዳይተነፍስ። ቢስሚላህ።"

"በስመ አብ" አሉ መሪጌታ በበኩላቸው።

ስቴኪኒው ገባ። ሙሐሲን እጁን ሳያንቀሳቅስ ቆየ። ፋና የሰዓቷን ቀስት ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ስቴኪኒው ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቢጫ ብረት ተጣብቃ ነበር።

"በይ ሞክሪው!"

ጠዋት ድምፁን እስከ ጥጉ መክፈቷን ረስታዋለች። ጣቷ አንዱን ቁልፍ ሲነካው ሱቁ ተናጋ፤ መሪጌታ ከወንበራቸው ዘለሉ፤ በሩ ላይ የነበሩ ዶሮዎች መናኸሪያው ድረስ በረሩ። ፋና በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥሩ ድምፅ የሰማች አልመሰላትም። እንባዋ መጣ፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ስልኳን አወጣችና አሳምነው ጋ ደወለች። "የወረኢሉውን ልጅ እንዳትጠራው" አለችው፤ ሌላ መናገር አልቻለችም።

በሰርጉ ቤት መሪጌታ ማዕዱን ባረኩና፣ ካህን እንደሚያደርገው፣ ዘፈኑ ሳይጀመር ተሰናብተው ተነሡ። የዳሱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገባ። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ አራገፉ፤ ውስጡን ዳሰሱ። ፋና አምባሰልን በዝግታ ጀምራ፣ አሳምነው ድምፁን ጥሎባት፣ ሴቶቹ እልል ብለው ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ጠጠሩ አልወጣላቸውም። ሲያልቅ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአትና ሄዱ።

"ለሚመጣው እሑድ ከላላ ከተማ ሰርግ አለ" አላት አሳምነው ምሽት ላይ ሲሸኛት። "አባትሽ ይፈቅዱልሻል?"

"እሱን ለኔ ተወው።"

ቤት ስትገባ መሪጌታ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ስለ አጅባር ያነሣ ሰው አልነበረም። ፋና ኪቦርዱን ከቦርሳው አወጣችው። ቁም ሳጥኑ ላይ አልመለሰችውም፤ የአባቷን ጠረጴዛ ጠርጋ ከድጓቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ማዳመጫውን ቀስ ብላ ሰካችው። ጆሯቸውን እንዳያማቸው ድምፁን ዝቅ አደረገችው።

እናቷ፣ የዓለምዘርፍ፣ በሩ ላይ ቆማ ገመዱን አነሣች።

"ይኼንንስ? ለከርሞ ሁዳዴ አታስቀምጭውም?"

ፋና ገመዱን ተቀበለቻት። አባቷ ያጠበቁትን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው፤ ቀላል አልነበረም። ከዚያ ጓሮ ወጣችና ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ ወጥራ አሰረችው።

"ልብስ ማስጫ ይሁንሽ" አለቻት።