ሙሜ ቤት በር ላይ የቆመው ተከላካይ

የወንድሜ ልጅ አብራር አሜሪካ ውስጥ ኳስ ተጫዋች ነው ስላችሁ፣ የኛ ኳስ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ኳሷን በእጅ ይዘው ነው የሚሮጡት። አብራር ደግሞ ተከላካይ ነው፤ ሥራው ኳስ የያዘውን ሰው አንቆ መሬት ላይ መዘርጋት ነው። ወላሂ ለዚህ ደሞዝ ይከፍሉታል! ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ ቢያደርገው ፖሊስ ጣቢያ ነበር የሚያድረው።

ይህ ግዙፍ ልጅ ለእረፍት አገር ቤት መጥቶ የገለምሶዋን ሀኒፋን ወደደ። እሷም ወዳዋለች። የቀሩት አባቷ ሙሜ ናቸው፤ ጫት ነጋዴ፣ አንድ ቃል ሁለቴ የማይናገሩ አዛውንት። እኔና ጎረቤቴ ተስፋዓለም ሽማግሌ ሆነን፣ ሚኒባስ ተኮናትረን ሄድን። አብራርን "አንተ መኪና ውስጥ ቁጭ በል" አልኩት።

መቼም የልጅት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ይቆጣል፣ ይመልሰናል፣ ሌላ ቀን እንመጣለን። ወጉ ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ግን ይህን ከየት ይወቀው?

ሙሜም ወጉን አደረሱ። "የምሰጠው ልጅ የለኝም! ሂዱ ከቤቴ!" አሉ፤ ድምፃቸው ጎረቤት ከተማ በደሳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እኛ ነገሩ አምሮልን፣ ደስ ብሎን ስንነሳ ቤቱ ድንገት ጨለመ። አብራር በሩን ሞልቶት ቆሟል። ጩኸቱን ሰምቶ ነው የመጣው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"አባባ፣ እሺ ካላሉኝ ከዚህ አልሄድም" አለ።

"ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ጉድ አፈላህ! ውጣ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ!

ሙሜ የዙህር ሶላት ደርሶባቸው ነበርና ወደ መስጊድ ሊወጡ ተነሱ። በግራ ሊያልፉ ሞከሩ፣ ተዘጋ። በቀኝ ሞከሩ፣ ተዘጋ። ልጁ አስቦበትም አይመስለኝ፤ እግሩ ለምዶበት ነው። ተስፋዓለም አፉን በእጁ ይዞ ሳቁን ታገለ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። የወግ የነበረው እምቢታ አሁን የእውነት ሊሆን ነው፤ ልጄን እንደ እብድ አስቆጠርኩት፣ ሀኒፋም ቀረችበት አልኩ በልቤ።

ሙሜ ቆም ብለው ሽቅብ አዩት። ዱላ ያነሳሉ ስል ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ስማኝ ልጄ። ሀኒፋ አንድ ናት ያለችኝ። እዚያ አገር ሄዳ፣ አንድ ቀን አባቴን ልየው ብላ ሻንጣዋን ብታነሳ፣ እንዲህ በር ላይ ትቆምባታለህ?"

አብራር ትከሻው ወረደ። እግሩን አየ፤ የት እንደቆመ ያን ጊዜ ገና የገባው ይመስለኛል። ከበሩ ገለል አለና ግድግዳውን ተጠጋ።

"አልቆምም አባባ። ሻንጣውን ተሸክሜ አብሬያት እመጣለሁ።"

መንገዱ ተከፈተላቸው። ሙሜ ግን አልወጡም። ደፉ ላይ እንደቆሙ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩና "ሀኒፋ!" ብለው ተጣሩ። ልጅቷ በሩጫ መጣች። ዓይኗን ማየት አቃታቸው።

"ሻንጣ አለሽ ወይ ልጄ?" አሏት።