የውሰት ባል

ልብስ ሰፊዋ ቤት ፍለጋ ስትዞር የጫማዋ ሶል አለቀ። በሰው አገር ቤት ማጣት ብርቅ አይደለም፤ እሷን ያንገበገባት ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ቁልፉ አከራዩ እጅ ላይ እየተንቀጨለጨለ፣ “ባልሽስ?” መባሏ ነው። “ባል የለኝም፣ ሥራ አለኝ” ስትል በሩ ይዘጋል። አንዱማ “ሴት ብቻዋን ስትኖርበት ቤቱ ስም ይወጣለታል” አላት። “ይውጣለት፤ እስካሁን ቁጥር ብቻ ነው ያለው” ብላው ወረደች።

መልስ መስጠቱስ ደግ፤ ልጇ ግን ልትመጣ ነው። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ለእህቷ ትታት ከአገር የወጣችው ልጅ ዛሬ በቁመት እናቷን በልጣለች አሉ። ልብስ ሰፊዋ የምታድርበት ክፍል ደግሞ የስድስት ሴቶች ነው፤ አልጋ በአልጋ ላይ ተደርቧል፣ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። ቤት ካልተገኘ የልጅቷ መምጣት ይቀራል።

“ሙሽራውን ውሰጂው” አሏት የክፍሏ ሴቶች።

ሙሽራው የሚሉት አንድ ቀለም ቀቢ ነው። በዕድሜው ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ ያገሩ ልጅ ቤት ልትከራይ ስትሄድ ግን ሸሚዙን ተኩሶ ባል ሆኖ ይቆምላታል። አንዴ ከታየ በኋላ “ባሌ ሥራ ቦታ ነው የሚያድረው” ይባላል፣ በቃ። ደግ ሰው ነው፤ ለዚህ ሥራው ምንም አይቀበልም።

“በገዛ ደሞዜ ለምኖርበት ቤት ባል ልዋስ?” ብላ ስትግደረደር ሰነበተች። በመጨረሻ የልጇ ነገር አሸነፋት።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። አከራዩ ሙሽራውን ጨበጠው፤ የሷን እጅ ዘለለው።

“የውሃው ግፊት እንዴት ነው?” ብላ በአከራዩ ቋንቋ ጠየቀችው።

“ውሃው ጥሩ ነው” አለ ለሙሽራው።

ሙሽራው ከቋንቋው ሰላምታ ብቻ ነው የሚያውቀው። “ምን አለኝ?” አላት በአማርኛ።

“ውሃው ጥሩ ነው ይልሃል።”

“እኔ መቼ ጠየቅኩት?”

“ዝም ብለህ ራስህን ነቅንቅ።”

ነቀነቀ። አከራዩ ቀጠለ። እሷም ደሟ እየፈላ አስተረጎመች፤ “ሚስትህ ንጹሕ ናት ወይ ይልሃል።”

“ምን ልበለው?”

“አመስግነኛ እንግዲህ!”

ሙሽራው አውራ ጣቱን ሲያነሳ አከራዩ ፊቱን ትክ ብሎ አየው። “ቆይ! አምና ወንድሜ ዘንድ ቤት የተከራየኸው አንተ አይደለህም? ሚስትህ ያቺ ምግብ አብሳይ ነበረች!”

“ምን አለ?”

“ተያዝን” አለችው።

መዋሸት ሰልችቷት ነበርና እውነቱን ለአከራዩ አፈረጠችው። “ባሌ አይደለም። የማንም ባል አይደለም። ያለ ባል አናከራይም ስትሉን ተዋስነው። የምኖርበት እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ የማጸዳው እኔ ነኝ። ከልጄ በቀር ማንም የለኝም።”

አከራዩ በርበሬ መሰለ። ስልኩን አውጥቶ ወንድሙ ላይ ጮኸ፤ “አብሳይዋ አታልላሃለች! ባል የላትም!”

የወንድምየው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። “እና? እሷ ከገባች ወዲህ ደረጃው ላይ ቆሻሻ አላየሁም፣ ጎረቤት አልተጣላም። በር የሰበሩብኝ ባል ያላቸው ናቸው! እንደሷ ያለች ካገኘህ ወደኔ ላካት።”

አከራዩ ስልኩን ዘጋ። ለወንድሙ ከመስጠትስ ብሎ እንደሆነ እንጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። “መቼ ትገቢያለሽ?” አላት።

ደረጃው ላይ ሙሽራውን አቅፋ ሳመችው። “ዕድሜህን ያርዝመው ወንድሜ። ሮጠህ አልጠፋህም።”

“በየት በኩል? በሩ ላይ እኮ እሱ ነው የቆመው!”

በእረፍት ቀኗ ሙሽራው አብሳይዋ ቤት ወሰዳት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። ነገሩን ስትሰማ አብሳይዋ ግራ ገባት።

“እኔ ምን አደረግኩልሽ እህቴ? ቤቴን ጠርጌ ኖርኩ እንጂ።”

“እሱ እኮ ነው! ያንቺ መጥረጊያ ነው ለኔ በር የከፈተልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ አይድከም!”

ሁለቱም እንባቸው መጣ፤ መልሰው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ እዚያው ቆማ ልጇ ጋ ደወለች። “ልጄ፣ ቤት አግኝተናል። ያስገኘችልን እናትሽ አጠገቤ ናት፣ አመስግኛት” ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

አብሳይዋ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለች። ልጅቷ ገና ካገሯ አልተነሳችም፤ እሷ ግን “እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ልጅ” አለቻት።