እማዬን የማትወድ ፒካፕ

መካኒኩ የሰው መኪና ማከም እንጂ የራሱ ስትታመም ምን ያህል ቆሽት እንደምታሳርር አያውቅም ነበር። ደንበኛ መኪናውን አስጎትቶ ሲመጣ «አይዞህ፣ መኪና ሕመሟን አትደብቅም» እያለ ሲያጽናና የኖረ ሰው፣ የገዛ ፒካፑ ሕመሟን ደብቃ ጨርቁን ልታስጥለው ምንም አልቀራት።

ፒካፗ አሮጌ ናት። ድሮ ሰማያዊ ነበረች ይባላል። የተሳፋሪው በር በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም፤ የነዳጅ መለኪያዋም ሞልቶም ጎድሎም ያው አንድ ቦታ ላይ ተኝቷል። ሞተሯ ግን ወርቅ ነው፤ ወርቅ ነው ብሎ የሚምለውም ራሱ መካኒኩ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ብረት፣ ጎማና የተፈታ ሞተር ጭና ስትዞር አታስቸግርም። እናቱ እማዬ ለሕክምና የተሳፈረችባት ቀን ግን የሆስፒታሉን አቀበት ታጋምስና፣ ትንገራገጭ ትንገራገጭና፣ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

«ይቺ መኪና እኔን አትወደኝም» ትላለች እማዬ፣ ኮፈኑ ውስጥ ለተቀበረው ልጇ።

«መኪና ሰው አይጠላም፣ እማዬ።»

«እሷ ትጠላለች። ሌላውን ስትጭን አይቻታለሁ፤ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።»

መጀመሪያ ሰሞን ይሳሳቁበት ነበር። መካኒኩ ናፍጣ የሚገፋውን የእጅ ፓምፕ እየተጫነ አየር ያስወጣል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ትንሽ ቆይታ ትነሣለች፣ አርፍደው ይደርሳሉ። ባለፈው ግን ጭራሽ አልተነሣችም። በሌላ መኪና ሲደርሱ እማዬ በደም ስሯ የምትወስደውን መድኃኒት የሚያዘጋጁት ሰዎች ክፍሉን ዘግተው ሄደዋል። በማግስቱ ሐኪሟ ረጋ ብላ ነገረቻቸው፦ መድኃኒቱ ተራውን ጠብቆ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ተዘልሏል፤ ዳግመኛ ከተዘለለ ሁሉም ከመጀመሪያው መጀመሩ ነው።

 እማዬ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ስትደርስ ወደ ልጇ ዞር ብላ፣ «ከመጀመሪያው የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም» አለችው። «እወቀው ብዬ ነው።»

መካኒኩ እናቱን ያውቃታል። አንዴ ከአፏ የወጣ ቃል አይመለስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸቡ ከመኪና ጋር መሆኑ ቀርቶ ከሞት ጋር ሆነ።

ፒካፗን ጋራዡ መሀል አቁሞ ዘመተባት። ደንበኛ ቢመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፊልትሮውን ቀየረ። ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለውን ቱቦ በሙሉ ፈትቶ ነፋው፤ አየር ይስብ ይሆናል ብሎ የጠረጠረውን ማጠበቂያ ሁሉ በአዲስ ተካው። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥቶ አስፈተሸ፤ እንከን አልወጣላቸውም። ታንከሩን ራሱን አውርዶ አጠበው፤ ከውስጡ አንድ ቅጠልና ማንም የእኔ ነው የማይለው ቁልፍ ወጣ። «ይኸው አገኘሁሽ!» ብሎ ፈነደቀ። አላገኛትም። በሚቀጥለው ጉዞ እማዬን ይዛ እዚያው አቀበት ላይ ቆመች፤ ደግነቱ ያን ቀን እየተጎተቱም ቢሆን ደረሱ።

ያናደደው መቆሟ ብቻ አልነበረም። ብቻውን ሲሞክራት አለመቆሟ ነው። በዚያው አቀበት፣ በዚያው ማርሽ ወጣባት፤ በረረች። ምናልባት ክብደት ይሆናል ብሎ ድንጋይ ጭኖ ወጣባት፤ አሁንም በረረች። ድንጋይ ጭኖ ሲመለስ ያየው ኤሌክትሪሺያኑ፣ ጋራዡን የሚጋራው ወዳጁ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ድንጋዩንማ ወደደችው!»

«ዝም በል።»

«እናትህ እውነታቸውን ነው እንግዲህ። ክዳኑንስ አይተኸዋል?»

«የቱን ክዳን?»

«የታንከሩን ነዋ። ለሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን አይደል እንዴ የምትለው?»

ነገሩ እውነት ነው። ናፍጣ ከታንከር ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየር ካጣ ታንከሩ ናፍጣውን ይዞ አልለቅም ይላል። ለዚህ ነው ክዳኑ ላይ ቀዳዳ የሚያስፈልገው። መካኒኩ ይህን ለስንቱ አስረድቷል። የፒካፗ ዋና ክዳን ግን ድሮ ነዳጅ ማደያ ተረስቶ ስለቀረ፣ ከሌላ መኪና ድፍን ክዳን አምጥቶ መሀሉን በመሰርሰሪያ የበሳው ራሱ ነው። ስለዚህ ደሙ ፈላ።

«በዚህ እጄ የበሳሁትን ቀዳዳ አንተ ልታሳየኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ!» አለና ኤሌክትሪሺያኑ እጆቹን አንሥቶ ወደ ባትሪዎቹ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ እማዬ ፊት እየነሳችው ነው። ድሮ ከሥራ ሲመለስ እንደ ቱታው አቅፋ ትስመው የነበረች ሴት፣ አሁን ሲጠጋት ሸሸት ትላለች። መኪናው ውስጥ በሩ ላይ ተለጥፋ፣ ሻርቧን አፍንጫዋ ድረስ ስባ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ነው የምትሄደው። ተቀይማኛለች ብሎ ደመደመ። አንዲት አሮጌ መኪና መጠገን ያቃተው ልጅ ላይ ብትቀየም ምን ይፈረድባታል? እያለ ራሱን ይበላል።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። መካኒኩ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላው፤ በእናቱ ቀን ነዳጅ እንዳያልቅበት ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። እማዬን ደጅ ትቶ ጃኬቱን ሊያመጣ ገባ። ሲመለስ መኪናዋ አጠገብ ቆማ የእጅ ቦርሳዋን ትዘጋለች። ደግፎ ሊያሳፍራት ሲል እንደ ልማዷ ሸሸት አለችና ራሷ ወጣች።

ሜዳውን ደህና ሄዱ። አቀበቱን ሲጀምሩ መካኒኩ መሪውን ጨብጦ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ፣ «ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ» ይላል በልቡ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ትንፋሽ አጠራት። ነዳጅ ቢረግጥ አልሰማ አለች። አንዴ፣ ሁለቴ ተንገራገጨችና ዝም።

መካኒኩ ወርዶ በሩን በኃይል ወረወረው። ጎማውን በእርግጫ መታው፤ የታመመው እግሩ እንጂ ጎማው አይደለም። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ሲያናፋበት እሱም መልሶ ጮኸበት። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ።

«ተወው በቃ» አለች እማዬ በመስኮቱ። «እኔም እሷም አርጅተናል። ተወን።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያመለጠው።

«አንቺማ ደስ ሳይልሽ አይቀርም!» አለ ጮክ ብሎ። «ቆማ ብትቀር ደስ ይልሻል! መሄድ ስለማትፈልጊ ነው ፊትሽን አዙረሽ የምትቀመጪው!»

እማዬ ሻርቧን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። መስኮቱን ግን አልዘጋችውም። መካኒኩ የተናገረውን መልሶ ቢውጠው በወደደ ነበር፤ ግን ወጥቷል። የሚያደርገው ቢጠፋው የእጅ ፓምፑን ተጫነው። ፓምፑ ወደ ታች ወረደና በዚያው ቀረ። ሌላ ጊዜ እንደ ምንጭ ብድግ የሚለው፣ ዛሬ አንዳች ነገር ከታች ይዞታል። እስከ ዛሬ በጥድፊያ በላይ በላዩ ሲጫነው ልብ አላለውም ነበር። ቱቦው ንጹሕ ነው፤ ታንከሩን በእጁ አጥቦታል። ታዲያ ማን ነው የያዘው?

ሄዶ ክዳኑን ጨበጠ። አልዞር አለው። ሁለት እጁን አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲያዞረው ታንከሩ በረጅሙ አየር ሳበ። ልክ ሲያለቅስ ቆይቶ እንደ ተባበለ ሕፃን። 

መካኒኩ ክዳኑን ገልብጦ ወደ ብርሃን አነሣው። በእጁ የበሳት ቀዳዳ የለችም። በቦታዋ በአቧራና በናፍጣ የጠቆረ ነገር አለ። በጥፍሩ ሲፍቀው ከሥሩ ነጭ ወጣ። አሸተተው።

ሳሙና ነው።

«ያ ኤሌክትሪሺያን!» አለ ዓይኑ ደም ለብሶ። «ቀልድ መሆኑ ነው! በእናቴ ሕይወት! ዛሬ ሄጄ ባልገድለው...»

«ማንንም አትገድልም» አለች እማዬ። ከመኪናው ወርዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የደፈንኩት። መንገድ ላይ ታንከሩ ተበስቶ ሲያፈስብን፣ ከቦርሳዬ ሳሙና ወስደህ አልደፈንከውም? ሳሙናን ናፍጣ አይበግረውም ብለህ አላስተማርከኝም?»

«እሱ እኮ ሽንቁር ነው! ይቺ መተንፈሻዋ ናት!»

«እሱን እኔ በምን አውቄ? ሞልተኸው አቀበት ስንወጣ በዚያች ቀዳዳ እየተንጠባጠበ፣ ሽታው በመስኮት ይገባል። አንተ ጃኬት ልታመጣ ስትገባ እለቀልቃታለሁ። በማግስቱ ደርቆ ይረግፋል፤ እንደገና እለቀልቃለሁ።»

ደርቆ ይረግፋል። ለዚህ ነው ለእሱ የምትበረው። መካኒኩ የፈታቸው ቱቦዎች፣ ያስፈተሻቸው ኖዝሎች፣ የጫነው ድንጋይ ሁሉ በዓይኑ ላይ ዞሩበት። ንዴቱ ገና አልበረደም።

«ታዲያ ሸተተኝ አትይኝም? አንድ ቃል! አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ይኼ ሁሉ መከራ...»

እማዬ ሻርቧን አስተካከለች። 

«መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ሽታ አልችልም» አለች። «የናፍጣ ሽታ ሲመጣ አንጀቴ ተገልብጦ ሊወጣ ይደርሳል። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ልጄ? አንተ እኮ የምትሸተው እሱን ነው።»

መካኒኩ እስከ ክርኑ የጠቆረ እጁን፣ በጃኬቱ ሥር ያልወለቀውን ቱታ አየ። ሸሸት ማለቷ፣ በሩ ላይ መለጠፏ፣ ሻርቧ ሁሉ አሁን ገባው። ቅያሜ አልነበረም። ቅያሜ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«በሱ ነው ያሳደግኸን» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «አባትህ ከሞተ ጀምሮ እኔንም እህቶችህንም። ሸተተኝ ብዬ ፊትህ ላይ ልናገር?»

ከኋላ ያለው ሰውዬ ዳግመኛ ጡሩምባውን ነፋ። መካኒኩ አልሰማውም። ሽቦ ፈልጎ ቀዳዳዋን አጸዳና ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ፤ ቱታውንም እዚያው መንገድ ዳር አወለቀና ጠቅልሎ ከኋላ ጫነው። በከነቴራና በቁምጣ ቀረ። አላፊ አግዳሚው ቢያይ ጉዳዩም አልሆነ።

«ሳሙናው አለሽ?»

እማዬ ከቦርሳዋ ቁራጩን አወጣችለት፤ የምትጠጣበትንም ውሃ አውጥታ ታፈስለት ጀመር። እጁን እስከ ክርኑ፣ ክርኑን እስከ ብብቱ ፈተገው። ውሃው እስኪያልቅ ፈተገው። የጥፍሩ ሥር ጥቁረት እንደሆነ አልለቀቀም።

«ነገ ከክዳኑ ቱቦ እስብና ሽታውን ወደ ኋላ እወስደዋለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ቅድም ላልኩሽ ደግሞ...»

«ግባና ንዳ» አለች እማዬ። «ይዘጉብናል።»

ፒካፗ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። መስኮቶቹን በሙሉ ከፍቶ አቀበቱን ወጣ፤ አንዴም አልተንገራገጨችም። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የክፍሉ ነርስ ደረጃው ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። በቁምጣ የመጣውን ሹፌር ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ደግሞ ምን ጉድ ነው? ቶሎ በሉ፣ ልንዘጋ ነው!» አለች።

መካኒኩ ዞሮ የእማዬን በር ከፈተ። ሊደግፋት እጁን ሰደደና መሀል ላይ መልሶ ወደ ኋላው ደበቀው። ራሷ ትወርዳለች ብሎ ጠበቀ። እማዬ አልወረደችም። እጇን ዘርግታ ጠበቀችው፤ እምቢ ሲላት ጎትታ ከጀርባው አወጣችውና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ፊቷ ትንሽ ጭምድድ አለ።

«አሁንም ትሸታለህ» አለችው፤ እጁን ግን ደረጃውን ወጥተው እስኪጨርሱ አልለቀቀችውም።