የማዳም ሂንድ ፊት

የማዳም ሂንድ ፊት ቀዳዳ ነበረው። ወላሂ አላጋነንኩም፤ አፍንጫዋና ሁለቱ ጉንጮቿ ወንፊት በሏቸው። እሷ በዐረብኛ «መሳማት» ትለዋለች፣ እኔ የላብ ቀዳዳ እለዋለሁ። አንድ ቀን፣ «ማዳም፣ የላብ ቀዳዳ የሌለው ሰው የት አለ?» ብላት፣ «አንቺ የለሽም» ብላ ገላመጠችኝ። ምን ላድርግላት? ከወሎ ይዤው የመጣሁት ፊት ነው፣ ጅዳ ላይ አልገዛሁትም!

በዚያ ሰሞን ግን ቀልዱም ቀረ። መዲና የምትባለው እህቴ መካ ከተማ፣ ነካሳ ሰፈር፣ ታማ ተኝታ ነበር። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እስከዛሬም «እታለም» እንጂ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። በዑምራ ቪዛ መጥታ እዚያው ቀርታ፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሰው ቤት ስታጥብ ስትጠርግ ጉበቷ ከዳት። ኢቃማ የሌለውን ሰው ደግሞ ማን ሐኪም ቤት ያስገባዋል? ቤት ያከራየቻት ሀሰና የምትባል ሴት ናት፤ አያቶቿ ከእኛ አገር ሄደው የቀሩ፣ እሷ እዚያው መካ ተወልዳ ያደገች። ደወለችልኝና፣ «ሱረያ፣ እህትሽ አንቺን ነው የምትለው። ሁኔታዋን አልወደድኩትም፣ ድረሽ» አለችኝ።

ድረሽ ማለት ቀላል ነው። ከጅዳ መካ ቅርብ ነው፣ ሰው ሄዶ ሰግዶ ይመለሳል። ለእኔ ግን ከወሎም ይርቅ ነበር። ያለ ማዳም ፈቃድ ከበር አልወጣም፣ ኢቃማዬም እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

አልቅሼ ለመንኳት። ጉንጯን እየደባበሰች፣ «እኛም ለዑምራ ልንሄድ ነው» አለች። ለካ የእሷም ሆድ ተቃጥሏል። ባሏ በላይዋ ላይ ልጅ እግር ሚስት አግብቶ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ሊሄድ ነው። ማዳም ጣውንቷ ፊት አንድም ቀን ያለ ፓውደር ቀርባ አታውቅም።

«ኢህራም ላይ ኒቃብ የለም፣ ፓውደር የለም፣ ሽቶ የለም» አለችኝ፤ ኢህራም ማለት ዑምራው እስኪያልቅ ያለው የእርም ጊዜ ነው። «ያቺ ልጅ ፊቴን ባዶውን ልታየው ነው። ፊቴን አስተካክይልኝ፤ ዑምራው ሲያልቅ ሾፌሩ እህትሽ ዘንድ ያደርስሻል።»

«ወላሂ በይ ማዳም።»

«ወላሂ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ምኑን ልንገራችሁ! ጠዋት ውሃ አፍልቼ፣ ፎጣ አከናንቤ እንፋሎት አሞቃታለሁ። ቀጥሎ የእንቁላሉን ነጭ መትቼ እቀባታለሁ፣ ሶፍት እለጥፍበታለሁ፣ ሲደርቅ ቀስ ብዬ እልጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እርጎ በሽምብራ ዱቄት ለውሼ እመርጋታለሁ። መጨረሻ ላይ በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ፊቷን አሻለሁ፣ የጽጌረዳ ውሃ እረጫታለሁ። ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው ጥብብ ይላል፣ መስታወት ታይና ትስቃለች። ሻይዋን ጠጥታ ስትመለስ ያው ነው። «ተከፈተ!» ብላ ትጮህብኛለች፣ በር ጠባቂው እኔ የሆንኩ ይመስል። የእሷ ፊት ሲበላው የሰነበተውን እንቁላልና እርጎ የእኔ ሆድ አላየውም።

ሆኖም አልዋሽም፣ ፊቷ እየጸዳ እየለሰለሰ ሄደ። እኔም ለሀሰና እየደወልኩ፣ «አብሽሪ በያት፣ ልመጣ ነው» እላለሁ።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። የጅዳ ሰው ኢህራም የሚገባው ከቤቱ ነው። ታጠብን፣ ነየትን፣ ልንወጣ ስንል ማዳም መስታወት አየች። ሙቀቱ ፊቷን አወዝቶት ቀዳዳው ሁሉ ቁልጭ ብሏል።

«የጽጌረዳ ውሃ! ቶሎ!» አለችኝ።

«ማዳም፣ እሱ ሽታ አለው፤ አንቺ ኢህራም ላይ ነሽ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳሙናውም ሽታ አለው፣ ክሬሙም ሽታ አለው። ከኩሽና ሎሚ ይዛ መጣች። ጓደኛዋ «ሎሚ ቀዳዳ ይሰበስባል» ብላታለች። «ሎሚ ምግብ ነው፣ ሽቶ አይደለም» አለች፣ ራሷ ጠያቂ ራሷ መላሽ ሆና። ቆርጣ ጉንጯን፣ አፍንጫዋን፣ ግንባሯን አሸችው። ጭማቂው እስከ አገጯ ወረደ። መካ ልንገባ ስንልም መኪና ውስጥ ሌላውን ግማሽ ደገመችው።

ሎሚ ከዚያ በፊትም ተቀብታ ታውቃለች፣ ምንም አልሆነች። ግን ያኔ ወይ ቤት ውስጥ ናት፣ ወይ ኒቃብ ውስጥ። ያ ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ የቀትር ፀሐይ መትቶት የማያውቅ ፊት ነው። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚቃጠል እሷም አላሰበችው፣ እኔም አላሰብኩት። እኔ የማስበው ነካሳን ብቻ ነበር።

ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሀረም መስጊድ ሰግደን ካዕባውን ልንዞር ጠዋፍ ገባን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባልየው «ላይ ፎቁ ላይ፣ ጥላው ውስጥ እንዙር» ቢላት፣ ማዳም ወይ ፍንክች! እታች፣ ካዕባው አጠገብ ካልሆነ አለች። ትንሿ ሚስት የሻርፗን ጫፍ ግንባሯ ላይ ሳብ አድርጋ ትዞራለች። ማዳም ግን ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ቀና ብላ፣ ጣውንቷ ጎን ጎን ነው የምትሄደው።

«ማሻአላህ ሂንድ፣ ፊትሽ እንዴት አምሯል!» አለቻት ልጅቱ። ከልቧ ነው የመሰለኝ። ማዳም ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ፣ ስለቴ የሰመረ መስሎኝ ነዋ። «ያ ረቢ፣ ከእህቴ ጋር በሕይወት አገናኘኝ» እያልኩ ዞርኩ። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ምንም አልለመንኩም።

ዑምራውን ጨርሰን ሆቴል ስንገባ ፊቷ ፍም መስሏል። «ያቃጥለኛል» አለች። በረዶ አደረግኩላት።

«ሾፌሩስ፣ ማዳም?»

«ቡክራ» አለች። ነገ።

በማግስቱ የማዳም ፊት ፊት አልነበረም። ጉንጯና ግንባሯ ውሃ ቋጥሯል፤ የሎሚው ጭማቂ የወረደበት መንገድ እስከ አገጯ ድረስ ተሰምሮ ቀልቷል። መስታወት አይታ ጮኸች። መጀመሪያ «ዓይን ነው፣ ያቺ ልጅ ናት» አለች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። «ወይስ አንቺ ነሽ? እጅሽ ላይ ምን አለ?»

ኧረ በነቢ! ስንት ቀን ሙሉ ሳሽ፣ ስልጥ፣ ስቀባ የከረምኩበት እጄ! ግን የሾፌሩ ነገር በእሷ አፍ ነውና ንዴቴን ዋጥ አደረግኩት።

ወዲያው ሀሰና ደወለች። «የት ደረስሽ? ዛሬ ውሃም እምቢ ብላለች።»

«መካ ነኝ።»

«መካ ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ስልኩን ወደ መዲና ጆሮ አስጠጋችላት። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ቃል ግን የላትም። «እታለም፣ እኔ ነኝ፣ ሱረያ ነኝ። አብሽሪ፣ መጣሁ» አልኳት።

ማዳም እግር ላይ ወደቅኩ። «ምለሽልኛል!» አልኳት።

«ፊቴን እንዲህ አድርገሽ ወዴት? ከዚህ በር ከወጣሽ ሁሩብ ነሽ» አለችኝ። ሁሩብ ማለት ከአሠሪዋ የጠፋች ማለት ነው፤ በዚያ ስም የተያዘች ሴት እስር ቤት ነው የምትገባው። ከዚያም ራሴን አመመኝ ብላ ስልኬን አስዘጋችኝ። በረዶ እያመጣሁ፣ ሲቀልጥ እየቀየርኩ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ኮረብታ ላይ የተደራረቡ ቤቶች ይታያሉ። ነካሳ በዚያ በኩል ነው። እግሬን አንስቼ ብሄድ የምደርስበት ቦታ ነው፣ እኔ ግን የማዳምን ጉንጭ አበርዳለሁ። አላህ ያሳያችሁ!

የዐስር ሶላት ሲቃረብ ልቤ ቆረጠ። «ሁሩብ ከሆነም ሁሩብ ይሁን! ገደል ይግባ ኢቃማው!» ብዬ ተነሳሁ። ዐባያዬን ለበስኩ። መንገዱን ሀሰናን ልጠይቃት ስልኬን ስከፍተው ጮኸ። እሷው ናት። ከቃሏ ለቅሶዋ ቀደመ።

«ኢና ሊላሂ… ሱረያዬ፣ ከአንቺ ጋር በስልክ ከተገናኘች በኋላ ብዙም አልቆየች። ብደውል ብደውል ዝግ ነው። አጥበን ከፈንናት፤ ወንድሞቼ በሰው በሰው ወረቀቱን ጨርሰው ሀረም ወስደዋታል። አሁን በዐስር ይሰገድባታል።»

ወደ ታች ልሩጥ ብል ሶላቱ ተጀምሯል፤ ሕዝቡ እስከ ሆቴሉ ደጅ መንገዱን ሞልቶ ቆሟል። የሀረሙ ድምፅ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ባለው ስፒከር ይገባል። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቆሜ ዐስርን ሰገድኩ። ኢማሙ ሲያሰላምት፣ በሞቱት ላይ እንስገድ የሚለው ጥሪ ተሰማ። ስም አይጠራም። ለወንድም ለሴትም ለሕፃንም አንድ ላይ ነው። ተነስቼ እህቴ ላይ ሰገድኩ። አራቱን ተክቢራ አልኩ፣ እጄ ከበረዶው እንደራሰ።

ስጨርስ ማዳም አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«ማነው የሞተው?»

«እህቴ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ኢና ሊላህ! አላህ የርሐምሃ፣ አላህ የርሐምሃ» አለችና አለቀሰች። የእውነቷን ነው ያለቀሰችው፤ ጠላቴ ብትሆንም እመሰክርላታለሁ። እንባዋ ቁስሏ ላይ ሲወርድ ግን አንገበገባት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«ሱረያ፣ በረዶ! ቶሎ በይ!»

ዐባያዬን እንደለበስኩ ነበርኩ። በሩም አልተቆለፈም። አሁንማ ወዴት ልሂድ? በረዶውን አንስቼ ጉንጯ ላይ አደረግኩላት።