የቆርቆሮው ቤት በማን ስም ይመዝገብ

ደባሱ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ «ይሄስ ቆርቆሮ ቤት? በማን ስም ይመዝገብ?» ሲል፣ እኔ ነኝ ቀድሜ «የእትዬ ስሜነሽ ነው» ያልኩት። እትዬ ስሜነሽ አጠገቤ ቆመዋል። ዞር ብለው አዩኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቤቱ የኔ ነው። ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ውሸቴ አይገባችሁም።

አባቴ ሲሞቱ እዚሁ ላሊበላ አንድ ቤት አወረሱኝ፣ እሱ ውስጥ ነው የምኖር። ብቻዬን ነኝ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ በሁለት በቅሎ ጨው እነግዳለሁ። በየገናው ተሳላሚው ሲጎርፍ፣ ሰው አጥር ስር ሲያድር አያለሁና «ሁለት ክፍል ሠርቼ ባከራይስ» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ደሴ ድረስ ወርጄ ባንክ ጠየቅሁ። ማስያዣ አለህ አሉኝ፣ የአባቴ ቤት አለኝ አልኳቸው። ካርታውስ አሉኝ። ላስታ ውስጥ ለቤቱ ካርታ ያለው ማን ነው? ድንበሩን ጎረቤት ያውቀዋል ብላቸው ሳቁብኝ።

የቀረኝ የቅዳሜው እቁብ ነበር። በሳምንት አምስት ብር፣ ስልሳ ሰው። ዕጣዬ ቶሎ ወጣና በሦስት መቶዋ ቦታ ገዛሁ፣ ድንጋይ አስፈለጥሁ፣ ግድግዳው ቆመ። ብሩ እዚያ ላይ አለቀ። ጣራ የለ፣ የበልጉ ዝናብ እየመጣ፣ ጭቃው ሊታጠብ።

ልክ ያን ሰሞን ዕጣው ለእትዬ ስሜነሽ ወጣላቸው። ጠላ ሻጭ ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ብሩን የፈለጉት የሳር ቤታቸው ክዳን አርጅቶ ስለሚያፈስ፣ እሱን ለማስከደን ነው። ይሄን እያወቅሁ ደጃቸው ሄጄ ለመንኳቸው። በገና አከራይቼ እጥፉን እመልሳለሁ አልኳቸው። እጥፉ ምን ያደርግልኛል፣ የሰጠሁህን መልስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን እንዳለ ሰጡኝ። በእቁቡ ደንብ ሁለት ጊዜ መውሰድ ክልክል ስለሆነ ነገሩን በመካከላችን አደረግነው። ወልድያ ከሀሰን ሱቅ ቆርቆሮ ገዝቼ አስመታሁ። ከአሸተን ማርያም ቁልቁል ሲያዩት ያብረቀርቃል ተባለ። ሰው መቼም ይጠረጥራል፣ «ከፋለ፣ ባልቴቷን ልታገባት ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እሳቸው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ጋናቸውን ከሚያፈስበት ወደማያፈስበት እየገፉ ከረሙ።

ሐምሌ ላይ አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ። ለአንድ ሰው አንድ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት። አንዱን ምረጥ ነው የተባልነው፣ ሌላ አይደለም። እኔ ሁለቱንም ፈለግሁ።

እና ደባሱ ሊመዘግብ መጣ። ትናንት ሸማኔ ነበር፣ ዛሬ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው። የእትዬ ስሜነሽ ነው ስለው ፈገግ አለና አንተስ ምናቸው ነህ አለኝ። ግንቡን ያሠራሁላቸው ነኝ አልኩት። ዕጣው በሳቸው ስም መውጣቱን የእቁቡ ሰው ሁሉ መሰከረልኝ። አለቀ፣ ዳንኩ ብዬ ስተነፍስ ደባሱ ወደሳቸው ዞረ።

«እንግዲያ እትዬ፣ ከሳሩ ጋራ ሁለት ቤት አለዎት ማለት ነው። አንዱን ይምረጡ።»

ይሄን አላሰብኩትም። ማርያምን፣ አላሰብኩትም። ሳር ነው፣ ያፈሳል፣ ዘሟል፤ ለካ የሳቸውም ቤት ቤት ነው። ለኔ እንደ ቤት ታይቶኝ አያውቅም።

ሳሩን ቢሉ ቆርቆሮው መሄዱ ነው። ያኔ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

«ቆርቆሮውን» አሉ።

ከኋላ አንዱ «አይ ዕድል! ሌላው ሲሸመግል ነጠላ ይለብሳል፣ እሳቸው ቆርቆሮ ለበሱ» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉም ከሁሉም ይቺ ሳቅ ናት የምታቃጥለኝ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ልጆቻቸውን የወለዱበት፣ ባላቸው የሞቱበት ቤት ላይ ቀበሌው ቁልፍ አንጠለጠለበት። እሳቸው ጋናቸውን ይዘው የኔ ቆርቆሮ ስር ገቡ። ጠጪው የለመደው የድሮውን ደጅ ነውና ጠላው ቀዘቀዘባቸው። ጠዋት ጠዋት ግን መጥረጊያ ይዘው ሄደው የተቆለፈውን ቤት ደጅ ይጠርጋሉ። ለምን ይደክማሉ ብላቸው «ሰው የሌለበት እንዳይመስል» አሉኝ።

አርብ ዕለት ደባሱ ስብሰባ ጠርቶ፣ የተወረሱት ቤቶች ሰኞ ለተከራይ ይታደላሉ፣ አቤቱታ ያለው ከዚያ በፊት ይምጣ አለ። በማግስቱ እትዬ ስሜነሽ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር ነው፣ ቤትዎ ይመለስልዎ አልኳቸው። ጠላ እየቀዱልኝ ነበር፣ መቅዳታቸውን አላቆሙም።

«ተናግረህ ምን ልትሆን? አንተን ትርፍ ቤት ደበቀ ብለው ያስሩሃል። እኔንም በሐሰት ፈረመች ይሉኛል። ቆርቆሮውም ይሄዳል። የቀረውን እቁብ በምንህ ልትከፍል ነው? ተወው የኔ ልጅ። እኔ አንዴ መርጫለሁ።»

እና ታውቃላችሁ ምን ተሰማኝ? እፎይታ። ትከሻዬ ሲወርድ ለራሴ ታወቀኝ፤ እሳቸውም አይተውታል። ጣሳውን አቀበሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ነገ ሰኞ ነው። ዝም ያልኩት ብናገር እሳቸውንም ይዤ እጠፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ያቺ እፎይታ ታጋልጠኛለች። ዝም ብል ደግሞ በሳቸው ቤት ሌላ ሰው ይገባል፣ የሚጠርጉት ደጅም አይኖራቸውም። እስቲ እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ፣ ጠዋት ደባሱ ዘንድ ትሄዳላችሁ ወይስ በቅሎዎቻችሁን ጭናችሁ ገበያ ትወርዳላችሁ?