ትርፍ ደም

ይህን በሽታ «ደም ብዛት» ብሎ የሰየመውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምለው አለኝ። ብዛት እኮ በእኛ ዘንድ ደግ ነገር ነው። እህሉን ያብዛልህ፣ ከብቱን ያብዛልህ፣ ልጁን ያብዛልህ እያልን ነው የምንመራረቀው። ታዲያ ደምህ በዝቷል የተባለ ገበሬ ምን ብሎ ይደንግጥ? ባሌ ይሻው አልደነገጠም። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈገግ ሲል አይቼው ስለማላውቅ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጣ ነው፤ ገብስና ድንች እናመርታለን። አምና በጥቅምት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት አስቀድሰን ስንወጣ የጤና ጣቢያ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ ጠረጴዛና ወንበር ዘርግተው አገኘናቸው። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሁሉ በነፃ ይለካል ተባለ። ነፃ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም ያስናቀው። ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ዳር ዳሩን ይቀልዳሉ። «እኔን የሚለካኝ ልብስ ሰፊ ነው» ይላል አንዱ። «ኧረ አንተንስ መቃብር ቆፋሪ ይለካህ!» ይለዋል ሌላው። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ይሻውን እጁን ይዤ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ራሴን፣ ማጅራቴን ማለት ካበዛ ሰነባብቶ ነበር። ሰላማዊት የምትባል ነርስ ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቅልላ ነፋችው። ጨርቁ ክንዱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቀ። ቁጥሩን አየች፤ ትንሽ አሳርፋው በሌላኛው ክንዱ ደገመችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

«አባባ፣ ደም ብዛት አለብዎት» አለችው። «በጣም ከፍ ብሏል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይምጡና መድኃኒት ይጀምሩ። ዕለት ዕለት የሚዋጥ ነው። ደህና ነኝ ብለው የሚያቋርጡት አይደለም።»

«ደሜ በዛልኝ ነው የምትይኝ፣ ልጄ?»

«በዛብዎት ነው የምልዎት፣ አባባ።»

እሱ ግን «በዛልዎት» ብሎ ሰማት። ፈገግ ያለው ያኔ ነው። ነርሷ ወንበሩን እያሳየችኝ «እርስዎስ እናቴ? ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። «እኔ ምን ሆኜ! ይልቅ እሱን ምከሪልኝ» አልኋትና ነጠላዬን አጣፍቼ መንገድ ጀመርሁ።

ወንዙን ከተሻገርን በኋላ ቆመና «እቴነሽ፣ ማሬን ደም አነሳት ብለው አልነበር?» አለኝ። የልጃችንን ስም ከቀበርናት ወዲህ ጠርቶት አያውቅም።

ማሬ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ እኔ መጣች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ፊቷም ሞላ። ጎረቤቶቹ «እሰይ፣ እናቷ ቤት ተመቻት፣ ወፈረች» አሉ፤ እኔም አምኜ ደስ አለኝ። ራሴን ፈለጠኝ ትላለች። ዓይኔን ጭጋግ ጭጋግ አለኝ ትላለች። ያን ሰሞን በአካባቢው በነበረው ተኩስ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለክትትል ወደ ከተማ የሚሄድ ነፍሰ ጡር አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ከወንበር ስትነሣ ደም ፈሰሳት። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት እየተቀያየሩ ሮጡ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ መተላለፊያው ላይ ብዙ ነገር ነገሩን፤ እኛ የሰማነው ግን «ደም» የሚለውን ብቻ ነው። ደም ያስፈልጋል፣ ያለው ደም አይበቃም አሉ። ይሻው እጅጌውን ሰብስቦ «ይኸው፣ ያለኝን ሁሉ ቅዱት» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ናሙና ወሰዱ፤ የአንተ ከእሷ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱት። እጅጌውን ሳይመልስ እንደዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ሳለ ልጄ ከነልጇ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ክንዱን እንደከዳው ሰው ነበር የሚያየው።

ስለዚህ ወንዙ ዳር «እሷ በማጣት ሞተች፤ እኔ ዘንድ ተርፎ ኖሯል» ሲለኝ የቱ ቁስሉ እንደተነካ ገብቶኝ ነበር። ምን ልታደርግ አስበሃል ብለው የመለሰልኝ ግን «ነገ ከተማ እሄዳለሁ» ብቻ ነው። መድኃኒቱን ሊያመጣ ነው ብዬ ተመስገን አልሁ።

በማግሥቱ የዓመት በዓል ጋቢውን ለብሶ ወረደ። ለካ የሄደው ደም ከሚለግሱበት ቦታ ነው። የተረፈኝን ልሰጥ መጣሁ አላቸው። ያው ጨርቅ፣ ያው ክንድ፤ ለኩትና «አባባ፣ አሁን ከእርስዎ ደም መውሰድ አንችልም፤ ይልቅ ሄደው ይታከሙ» ብለው በአክብሮት ሸኙት። ሲመለስ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተዘረረ።

«ሁለተኛ መለሱኝ፣ እቴነሽ። በዛልህ የሚሉኝ እነሱ፣ አንቀበልህም የሚሉኝ እነሱ።»

«ታከም ነው ያሉህ! ጆሮህ ምን ሆኗል?» ብዬ ጮህሁበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እየጎተትሁም እየተማፀንሁም ጤና ጣቢያ አደረስሁት። ሰላማዊት መድኃኒቱን ሰጠችው፣ ጨው ይቀንሱ አለችው፣ በወሩ ተመልሰው ይምጡ አለችው። ለጥቂት ቀን ዋጠው። ከዚያ ክኒኑ ደም ያደርቃል የሚል ወሬ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ከነላስቲኩ ጣሪያው ሥር ሰክቶት ወደ ጌጡ ሄደ። ጌጡ የሰፈራችን ዋግምት አድራጊ ነው። ማጅራትን በምላጭ በጣ በጣ ያደርግና ቀንድ ደፍቶ ደሙን ይስባል። አባቱም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ነው የሞተው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልረግመውም።

ይሻውን ቀለል አለው። እውነቱን ልናገር፣ ለሁለት ለሦስት ቀን ራስ ምታቱም ተወው። እየመላለሰ ተበጣ። አንድ ጊዜ ምሳውን ይዤለት ብሄድ፣ ጌጡ ከቀንዱ መሬት ላይ የደፋውን ጥቁር ደም ቁጭ ብሎ ሲያይ አገኘሁት። «ይኼ ለማሬ በበቃት ነበር» አለኝ። ያመጣሁትን እንጀራ ይዤ አለቀስሁ።

ቤት ስንገባ ግን አልማርሁትም። «ያቺ ልጅ ያዘዘችልህ ክኒን ነው ወይስ ቀንድ?»

«ደም በዛ አሉ፤ ቀነስሁት። ሌላ ምን አለው?»

በስሙ ከሄድን ይሻው ትክክል ነው፤ የበዛ ነገር ይቀነሳል። ጤና ጣቢያ ሄጄ መልሱን ማምጣት እችል ነበር፤ ግን አጨዳው ደረሰና ሁላችንም ገብሱ ውስጥ ገባን።

በታኅሣሥ አውድማው ላይ ነው የወደቀው። በሬዎቹ እየዞሩ ነው፣ እሱ መንሹን ይዞ ገለባ ያገላብጣል። መጀመሪያ መንሹ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሞከረ፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ገርሞት አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ሊለኝ ሲል አፉ ወደ ጎን ተጣመመ፤ ገለባው ላይ ተደፋ።

«መጋኛ መታው!» ብለው ጮኹ። አንዱ ጸበል ሊያመጣ ሮጠ፣ ሌላው ጌጡን ሊጠራ። «ቀንድ የያዘ ሰው እንዳይጠጋው!» ብዬ የጮህሁት ጩኸት እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ አሉኝ። በቃሬዛ አወረድነው። ያችው ማሬ የወረደችበት ቃሬዛ ናት፤ የዕድሩ ስለሆነች ሌላ የለንም።

ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ላኩን፤ ራሱን በመሣሪያ ፎቶ አነሡት። ፈንታሁን የሚባል ወጣት ሐኪም ጠርቶ አስቀመጠኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የደም ሥር ፈንድቶ ደም ፈሷል አለኝ። ለሰው ልስጥ ብሎ በየበሩ ይዞት የዞረው ደም፣ ማንም ሳይጠይቀው እዚያው ራሱ ውስጥ ፈሰሰ።

«በዝቶበት ነው አይደል?» አልሁት።

«አይ እናቴ፤ ደሙ አልበዛም። ደሙማ እንደማንኛችንም ነው። የበዛው ግፊቱ ነው፤ ደሙ ሥሩን የሚገፋበት ኃይል። መድኃኒቱም እሱን ነው የሚያበርደው። ደም ቢቀዳ ግፊቱ ተመልሶ ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን ደም ብዛት ትሉታላችሁ?»

አፈረ መሰለኝ። «ሰዉ የሚያውቀው በዚህ ስም ስለሆነ ነው» አለኝ። ከዚያ በቤተሰብ ውስጥ ሌላ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም የለም አልሁት። የመጀመሪያ ልጄ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በወሊድ ደም አንሷት ሞተች አልሁት። እንዴት እንደነበረች ይንገሩኝ አለኝ። እግሯን ነገርሁት፣ ፊቷን ነገርሁት፣ ራስ ምታቱን፣ ዓይኗ ላይ የመጣውን ጭጋግ። እየነገርሁት አንገቱን ደፋ።

«ሳላያት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ እናቴ። ግን የነገሩኝ ሁሉ የዚሁ የግፊት ምልክት ነው። በእርግዝና ጊዜ ይመጣል። ደሙም በእሱ ምክንያት ሊፈስሳት ይችላል። ቀደም ብላ ተለክታ ቢሆን...»

«ጨርሰው» አልሁት።

«ይደረስባት ነበር» አለ።

ወፈረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ከክፍሉ ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ተቀመጥሁና ሰው ሁሉ እንደሚያለቅሰው ሳይሆን እንደ እብድ ጮህሁ። ጥበቃው መጥቶ ውኃ ሰጠኝ።

ይሻውን ቤት መለስነው። ቀኝ ጎኑ ሞቷል፤ ቃልም ከአፉ አይወጣም። ጆሮው ግን ይሰማል፤ ዓይኑ በሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይከተላል። ክኒኑን ዕለት ዕለት እንድሰጠው፣ ካልሆነ ሌላው የደም ሥር እንደሚከተል ነግረውኛል። እሱ ግን ጥርሱን ይነክሳል። በማር አድርጌ ሞከርሁ፣ አጥሚት ውስጥ ፈጭቼ ሞከርሁ፤ ባልሞተው የአፉ ጎን በኩል አውጥቶ ይተፋዋል። ደግሞ የሚብሰው ማልቀሱ ነው። ሰውነቱ ግማሽ ሆኖ እልሁ ግን ሙሉውን ቀረ። ሞት አማረው እንዴ ብዬ ተቆጣሁት፣ ተሳደብሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት።

ስለ ማሬ ሐኪሙ ያለኝን ደብቄው ነበር። ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ክኒኑን ጋቢው ላይ ከተፋው በኋላ፣ ምን ቀረኝ አልሁና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«ይሻው፣ ስማኝ። ማሬ ደም አንሷት አይደለም የሞተችው። ያንተው በሽታ ነው። እግሯ ያበጠው፣ ዓይኗን የጋረዳት፣ ደሙን ያፈሰሰው እሱ ነው። ቢለኳት ኖሮ ይደርሱባት ነበር። የአንተ ደም ቢገጥምም ላያተርፋት ይችል ነበር። ክንድህ አልከዳትም። ሰምተኸኛል? ማንም ያላወቀላት ላንተ ታወቀልህ፤ መድኃኒቱንም ይኸው ሰጡህ፤ አንተ ትተፋዋለህ።»

ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። እንባው በቀኝ በኩል ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ በዚያ በኩል ሲፈስ ስለማይታወቀው አልጠረገውም። ጠረግሁለት። ከዚያ አፉን ከፈተ።

ክኒኑን ምላሱ ላይ አኖርሁለት፣ ውኃ በማንኪያ ሰጠሁት። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ፤ ክኒኑ ግን ወረደ። ልነሣ ስል በግራ እጁ ክንዴን ያዘኝ። ከክርኔ በላይ ነው የያዘኝ። አጥብቆ ጨመቀኝ፣ አላላ፣ እንደገና ጨመቀኝ። ቀና ልበል ማለቱ መስሎኝ ትራሱን ላስተካክል ስል ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ክንዴ ላይ ነው። ጨመቀ፣ አላላ፣ ጨመቀ።

ጽዱ ሥር እንቢ ያልሁት ወንበርና ክንድ የሚያጠብቀው ጨርቅ ያኔ ታወሱኝ።

«እኔን ነው?» አልሁት። ጨመቀኝ። «እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝ።» ይበልጥ ጨመቀኝ፤ ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። «እሺ፣ እለካለሁ» አልሁት፤ አልለቀቀኝም። «ነገ እሄዳለሁ» አልሁት፤ አልለቀቀኝም። በመድኃኔዓለም ብዬ እስክምልለት ድረስ ክንዴን አልለቀቀኝም።